ቆማ የተገጨችው መኪና

ሳዑዲ አረቢያ፣ ኮበር ከተማ፣ አል ራዋቢ ሰፈር ውስጥ አንድ ቤት ለዓመታት ምግብ ሳበስልና ልጅ ሳሳድግ ከኖርኩ በኋላ የዚያው ቤት ሹፌር ሆንኩ። ለሴቶች መንዳት ሲፈቀድ አሠሪዬ ማዳም ራሷ መሪ ለመጨበጥ ፈራች። አንድ ቀን ሩዝ እያጠብኩ ሳለ ኩሽና ገብታ፣ «አንቺ ደፋር ነሽ፤ መንጃ ትምህርት ቤት ባስገባሽ ትነጂያለሽ?» አለችኝ። «ኢንሻአላህ» አልኩ። ወሎ እያለሁ መኪና የማውቀው ገበያ ስሄድ ከእህል ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነበር። ፈተናውን ሁለቴ ወድቄ በሦስተኛው አለፍኩ። መንጃ ፈቃዴን ፎቶ አንስቼ ለአባቴ ስልክለት፣ መስጊድ ደጃፍ ለተቀመጠው ሁሉ ስልኩን እያዞረ አሳየ አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ልጆቹን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፤ የማዳምን እናት ደግሞ ደማም ወዳለው የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ እወስዳለሁ። ማማ ነው የምንላት። ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ተደርጎላት በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምትሄደው፤ አንደበቷ ግን እግሯ ያጣውን ሁሉ ይሮጣል።

የዚያን ቀን መኪናዋን ከክሊኒኩ ማዶ፣ ከአንድ ፋርማሲ ፊት ለፊት፣ በመስመሩ ውስጥ አስተካክዬ አቆምኳት። ሕክምናው አልቆ ማማን እየገፋሁ ስወጣ አንድ ጎልማሳ ሰው መኪናችን አጠገብ ጎንበስ ብሎ ያያል። ትልቁ ፒክአፑ ጀርባውን ወደ እኛ መኪና እንዳስጠጋ ቆሟል። የእኛ የኋላ በር ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ከበሩ ቀጥሎ ያለው ቆርቆሮም ተጨምድዷል።  የራሴ ዕቃ ቢሆን እንዲህ የምደነግጥ አይመስለኝም፤ የሰው አደራ ነው።

ሰውየው ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም። ትንሽ ነገር ነው። ለማሠሪያ የሚሆን ልስጥሽና እንለያይ።»

«ወንድሜ፣ መኪናዋ ኢንሹራንስ አላት። የአደጋ መርማሪ ይምጣና ይመዝግብ» አልኩት።

ፈገግታው ጠፋ። «ካፊልሽን፣ አሠሪሽን፣ ጥሪልኝ። እኔ ከባለቤቱ ጋር ነው የማወራው።»

«ያቆምኳት እኔ ነኝ፤ ከእኔ ጋር ነው የምታወራው» አልኩ። 

መርማሪው ዘንድ ደወልኩ። እስኪመጣ ማማን ጥላ ስር አስጠግቼ ወደ ፋርማሲው ገባሁ። ከበሩ በላይ ካሜራ እንዳለ ቅድም ሳቆም አይቼ ነበር። ፋርማሲስቱ ግብፃዊ ነው። ነገሩን ስነግረው፣ «መርማሪው ከጠየቀኝ አሳያለሁ፤ አንቺ አይዞሽ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው ትንፋሼ የተመለሰው።

መርማሪው ወጣት ነው። ከመኪናው ወርዶ ዙሪያውን አየና፣ «ሹፌሩ የታለ?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

ሰውየው ቀደመኝ። «ወደ ኋላ ስትመጣ ነው የገጨችኝ! እነዚህ ሴቶች ትናንት የተማሩ ናቸው፤ መስታወት ማየት እንኳን አያውቁም።»

እንዲህ ያለ ውሸት ፊት ለፊቴ ሲነገር የመጀመሪያዬ አልነበረም። ሠራተኛ ሆኖ ሰው ቤት የኖረ ያውቀዋል፤ ሰሃን ይሰበራል፣ ዓይን ወደ አንቺ ይዞራል። ድሮ ቢሆን አልቅሼ ዝም እል ነበር። አሁን ግን ድምፄን ሳላነሳ፣ «መኪናዋ ሞተሯ ጠፍቶ ቆማ ነበር። እኔ ከማማ ጋር ውስጥ ነበርኩ። የፋርማሲውን ካሜራ እዩልኝ» አልኩ።

ማማ ከወንበሯ ሆና በትሯን አስፋልቱ ላይ መታች። «ልጄ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ልዋሽ ነው? ስንወጣ በሩ ተሰብሮ ነው ያገኘነው! እኔን ከኮበር ደማም የምታመላልሰኝ እሷ ናት። አንድ ቀን እንኳን ጉልበቴን አንገጫግጫው አታውቅም!»

መርማሪው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ፋርማሲው ገባ። ሲወጣ ሰውየውን ወደ ጎን ወሰደው። በስልኩ ቀድቶ ያሳየን ምስል ላይ እኛ የለንም፤ ባዶዋ መኪና ቆማለች፣ ፒክአፑ ወደ ኋላ ይመጣል። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የሰውየው ተብሎ ተመዘገበ። ሰውየውም፣ «ኸላስ፣ ኸላስ፤ በቃ» እያለ ሄደ።

በማግስቱ ማዳም ሥራ ላይ ስለነበረች በስልኳ ውክልና ሰጥታኝ ኢንሹራንሱ ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ቀና ሳይል፣ «ባለቤቷ ትምጣ» አለ። ውክልናውን አሳየሁት። «እሺ፣ ሹፌሩ ይግባና መኪናውን ያሳይ» አለ። «ሹፌሩ አንተ ፊት ቆሟል» ስለው ያን ጊዜ ቀና አለ። ሳቅን። ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም ሰው አስተናግዶኝ ወደ ጋራዥ መራኝ።

ጋራዡ ጨርሷል ብሎ ሲጠራኝ በሩ ተተክቷል፣ ቆርቆሮው ተስተካክሏል፤ ጥላ ውስጥ ሳየው ምንም አይልም። ከመፈረሜ በፊት ወደ ፀሐይ አውጥቼ አየኋት። አዲሱ ነጭ ከአሮጌው ነጭ ትንሽ ይደምቃል።

«ሲታጠብ ይመሳሰላል» አለኝ ሠራተኛው።

«በየቀኑ የማጥባት እኔ ነኝ፤ አይመሳሰልም። እንዲህ ሆና አልረከብም።»

አጉረመረመ፤ አለቃው መጣ፤ ፀሐይ ላይ ቆመን ሦስታችንም ስናያት ቆየን። በመጨረሻ አለቃው ራሱን ነቀነቀና እንደገና እንዲቀባ አዘዘ። ዳግመኛ ስሄድ የትኛው በር እንደተቀየረ ለእኔም ጠፋኝ። ፈርሜ ቁልፉን ተቀበልኩ፤ «ቢስሚላህ» ብዬ ወደ ኮበር አቀናሁ። መንገዱ ክፍት ነበር። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ፣ ማንም ስለሌለ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ዘፈንኩ።

ማዳም በር ላይ ጠብቃ መኪናዋን ዞር ዞር ብላ አየችና ተገረመች። «እኔ ብሆን ያን ቀን ሰውየው የሰጠኝን ተቀብዬ እመጣ ነበር» አለች። ልቤ ሞልቶ ነበር። ማታ ለአባቴ ስነግረው፣ «አብሮሽ ማን ቆመ?» አለኝ። «አንዲት አሮጊትና እኔ» ስለው ሳቁ ስልኩን ሞላው።

ማማ ግን ታሪኩን እስካሁን አልለቀቀችውም። እንግዶች በመጡ ቁጥር ሻይ ይዤ ስገባ ታስቆመኝና ትጀምራለች። በእሷ አተራረክ እኔ ሰውየውን በመጮህ ብቻ ፒክአፑ ስር አስገብቼዋለሁ፤ መርማሪውም አጨብጭቦልኛል። እንግዶቹ፣ «ማሻአላህ!» እያሉ ከእግሬ እስከ ራሴ ያዩኛል። እኔም አላርማትም።