የሚነሳ ስም

የልብስ ሰፊዋ ሱቅ ከፖሊስ ጣቢያው ፊት ለፊት ነው። ዝምታዋ የታወቀ ስለሆነ ጎረቤቶቿ «የስፌት መኪናዋ ከሷ ይልቅ ያወራል» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም አትቀየማቸውም፤ እውነታቸውን ነው።

የፖሊሶቹን ደንብ ልብስ የምትሰፋው እሷ ናት። ባለፈው ክረምት የጣቢያው ንብረት ክፍል ኃላፊ ሸሚዞቹን አሸክሞ መጣና፣ «እናቴ፣ ደረት ላይ ያለውን የስም ጨርቅ ከእንግዲህ አትስፊው። የሚነሳ አድርጊልኝ፤ ሲታጠብ እየደበዘዘ አስቸገረን» አላት። እውነትም ይደበዝዝ ነበር። ለአንድ ቀን እንኳ ጭንቅላታቸው ሠራ ብላ፣ እንደ ልጆች ጫማ ሲላቀቅ ቸርር የሚለውን መለጠፊያ ገዛች። ሻካራውን በየሸሚዙ ደረት፣ ለስላሳውን በየስሙ ጀርባ ሰፋችው።

አሁን ወንድሟ፣ ቀለም ቀቢው፣ እናታቸው ስትሞት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው የመጨረሻ ልጅ፣ አገጩ በሽቦ ታስሮ ቤት ተኝቷል። አውቶቡስ ተራ ላይ ፖሊሶች አንድ ሽማግሌ ሲገፈትሩ አይቶ «ኧረ ተዉ፣ ትልቅ ሰው ናቸው» አለ። ያለው ይኼንን ብቻ ነው። መሬት ላይ ጥለው በዱላ ቀጠቀጡት።

እንዲህ ሆኖ ስታየው አለቅሳለሁ ብላ ነበር። እንባ የሚባል ነገር አልመጣም። ሾርባ ቀቀለች፣ አጠለለች፣ አጠጣችው፤ ከዚያ ሱቋ ሄዳ ሱሪ አሳጠረች። ወፍራም ብርድ ልብስ የተከናነበች ያህል ሁሉም ነገር ከሩቅ ነው የሚሰማት።

ወንድሟ አቤት ሊል በሄደ ጊዜ የጣቢያው ቅሬታ ሰሚ «የመቱህን ስም ጥቀስ» አለው። ደረታቸው ላይ ስም አልነበረም ቢል፣ «የእኛ አባል ያለ ስም አይወጣም። ስም ከሌለው የእኛ አይደለም» ብሎ መለሰው።

አመሻሽ ላይ ሾርባውን በማንኪያ ስታጠጣው በተዘጋ ጥርሱ መሃል፣ «እትዬ፣ አንደኛውን ደረቱን ይዤው ነበር። የሆነ ሻካራ ነገር እጄን ቧጨረኝ» አላት።

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ። አገጩን ጠረገችለት።

«እኔ ነኝ» አለችው።

«ምኑን?»

«ሻካራውን። የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ለሚቀጥለው ማንኪያ ከንፈሩን ከፈተ።

ጠዋት ወንድሟን ይዛ ጣቢያ ገባች። የቤታቸው እንጀራ ከዚህ ግቢ እንደሚወጣ አልጠፋትም፤ ግን ፍርሃቱም እንደ እንባው ቀርቶባታል።

«እናቴ፣ ነግሬዋለሁ እኮ» አለ ቅሬታ ሰሚው። «ስም ከሸሚዝ ጋር የተሰፋ ነው። ማንም አያወልቀውም።»

«ማን ሰፋው?»

መልስ ሳትጠብቅ ጠረጴዛው ላይ ተንጠራርታ እጇን ወደ ሰውየው ደረት ሰደደች። ቸርር አለ። ስሙ መዳፏ ላይ ቀረ፤ ደረቱ ላይ ጥቁር ሻካራ ቁራጭ ብቻ ታየ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ቀና አሉ። ወንድሟ ቀስ ብሎ ጠጋ አለና በጣቱ ጫፍ ነካው።

«እጄን የቧጨረኝ ይኼ ነው» አለ።

«ስሜን መልሺልኝ» አለ ቅሬታ ሰሚው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«መጀመሪያ የሱን ቃል ጻፍ» አለችው፤ ወንበርም ስባ ወንድሟን አስቀመጠችው።