የእግረኛ መንገዱ ላይ ያለሁት እኔ

ለገዛ ነፍሴ «ነፍስ ይማር» ሲባል ሰምቼ «አሜን» ብያለሁ። ምን ላድርግ? ከዓረብ አገር በተመለስኩበት ጠዋት ደብረ ታቦር ከአውቶቡስ ወርጄ፣ ሻንጣዬን እየጎተትኩ በኳስ ሜዳው በኩል ሳልፍ ከፊቴ የምትሄድ አንዲት ሴት እግረኛ መንገዱ ላይ የተነጠፈ እብነ በረድ ላለመርገጥ ዞር ብላ አማተበች። ጠጋ ብዬ ሳየው የራሴ ፊት ነው። በመለያና በቁምጣ ቆሜ እስቃለሁ።

«ነፍስ ይማር። ምን የመሰለች ልጅ ናት በይ!» አለችኝ ሴትዮዋ። ወፍሬ ስለነበር አላወቀችኝም። እኔም አሜን ብዬ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

ከመሄዴ በፊት ለዞናችን ሦስት ዓይነት ስፖርት እወዳደር ነበር፤ ሩጫ፣ መረብ ኳስ፣ ዲስከስ ውርወራ። በሁሉም ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። ያኔ ቁምጣ ለብሳ አደባባይ የምትወጣ ሴት ስለጠፋች የጎደለውን ሁሉ እኔ እሞላ ነበር። የከተማው የስፖርት ኮሚቴ ይህን አስቦ፣ እኔ በሌለሁበት፣ ስሜን በድንጋይ አስቀረጸልኝ። ሐሳባቸው ደግ ነበር። ሥራውን የሰጡት ግን የመቃብር ሐውልት ለሚሠራ ሰው ነው። እሱም እጁ እንደለመደው ፎቶዬን ከላይ፣ ስሜን ከሥር፣ በየማዕዘኑ መስቀል አድርጎ አስረከበ። በእኛ አገር ፎቶና መስቀል ያለበት ድንጋይ ለማን እንደሚቆም ሕፃን እንኳ ያውቃል።

በእብናት መንገድ ወደ መንደራችን በሚኒባስ ስሄድ፣ የስፖርቱን ነገር ደብቄ፣ በሕይወቴ «ነፍስ ይማር» መባሌን ብቻ ለእናቴ ስነግራት እንዴት እንደምንስቅ እያሰብኩ ነበር። እናቴን ፀጉሯን ተላጭታ፣ ከል ለብሳ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

ለካ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ለገበያ ወርደው ድንጋዩን አይተውታል። ፊደል አልቆጠሩም፤ ፊቴን ግን ያውቁታል። እኔ ደግሞ አሠሪዬ ስልኬን ከቀማችኝ ወዲህ ድምፄ ጠፍቶ ነበር። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ እንደ ወጉ ገና ሳይነጋ፣ ለእናቴ መርዶ ተነገራት። ተለቀሰልኝ፣ ፍትሐት ተደረገልኝ፣ አርባዬም ወጣ።

አፈርኩ። ምንም አላጠፋሁም። ብቻ ለለቅሶዬ እንጀራና ጠላ ተሸክመው የመጡ ሰዎች አሁን ደግሞ «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» ሊሉኝ ሲመጡ፣ ሳልሞት በመገኘቴ ያጭበረበርኳቸው መሰለኝ። መርዶውን ያመጡት ሽማግሌ ጭራሽ ድንጋይ አንገታቸው ላይ አድርገው ይቅርታ ሊጠይቁኝ መጡ።

«በቁምሽ ቀበርኩሽ፤ ማሪኝ ልጄ» አሉና ደጃችን ላይ ተንበረከኩ።

«ኧረ በማርያም ይነሡ አባባ! አንቱ ምን አጠፉ?»

አባቴ የሚሆኑ ሰው እግሬ ሥር ተንበርክከው፣ ድንጋዩን ከአንገታቸው ላይ ሳነሳ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

ሰዉ ሲበተን እናቴ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«መርዶሽን ሰምተው የከተማ ልጆች መለያ ለብሰው ለቅሶሽ ላይ መጥተው ነበር» አለች። «አልቃሿም ከእነሱ ሰምታ ስለ ሩጫሽ፣ ስለ ኳስሽ ብዙ ተናገረች። እውነት ነው?»

ለእናቴ ነግሬያት አላውቅም። ለውድድር በሄድኩ ቁጥር ለትምህርት ነው እላት ነበር። ልጇ እግሯን ገልጣ ወንድ ፊት ሮጠች ቢሏት ማኅበሯ ላይ ቀና ብላ እንደማትቀመጥ አውቃለሁ።

«እውነት ነው» አልኳት።

«እስቲ ሩጪ ልይሽ።»

«አሁን? እማዬ፣ ጉልበቴ እኮ የሰው ደረጃ ስወለውል አልቋል።»

«ሩጪ አልኩሽ!»

ቀሚሴን ሰብስቤ ከደጃችን እስከ አውድማው ሮጥኩ፤ ሩጫ ከተባለ። እያነከስኩ፣ እንዳረገዘች ላም እያለከለክሁ። ጎረቤቱ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ያየኛል። አልቃሿ ያለችው ሁሉ ውሸት መሆኑን በገዛ እግሬ ያስመሰከርኩ መሰለኝ። ተመልሼ እናቴ ፊት ስቆም ላያት አልቻልኩም።

እሷ ግን እያለቀሰች ነበር።

«ያኔ ለምን አልጠራሽኝም?» አለችኝ።

«ታፍሪብኛለሽ ብዬ።»



«አፍር ነበር» አለች። «ተከናንቤ፣ ከሰው ኋላ ቆሜ አይሽ ነበር።»