እናቴ በሰሙነ ሕማማት ስትፈተን

እናቴ ፀጉሬን ሠርታ ስትጨርስ ሁልጊዜ የምታደርገው ነገር አለ። ሚዶዋን ታስቀምጣለች፣ አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ መስታወቱ ታዞራለች፣ ከዚያ አናቴ ላይ ጎንበስ ብላ «ትፍ ትፍ፣ ከዓይን ያውጣሽ» ትላለች። ምራቅ የለውም፤ ትንሽ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ብቻ ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ እንዲህ ሳትለኝ ከቤት ወጥቼ ስለማላውቅ ፀጉር ተሠርቶ የሚያልቀው በዚያ ትንፋሽ ይመስለኝ ነበር። ያው ትንፋሽ የሥራ ፈቃዷን፣ ላይሰንሷን፣ ሊያስቀርባት ይችላል ብለን ግን ሁለታችንም አስበን አናውቅም።

የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ አካባቢ ካሉት ረጃጅም አፓርትመንቶች በአንዱ ነው። እናቴ የምትሠራው ደግሞ ወንዙን ተሻግራ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት የከፈተችው ሳሎን ውስጥ ነበር። አገር ቤትም ፀጉር ሠሪ ነበረች፤ እዚህ ግን ያንን የሚቆጥርላት ስለሌለ እንደ ለማጅ ተመዘገበች። ፈቃድ ባላት ፀጉር ሠሪ ሥር ሆና ፀጉር እያጠበች፣ ቢጎዲን እየጠቀለለች፣ ማድረቂያ ካስክ ውስጥ የገቡትን ሴቶች እያጫወተች የሚጠበቅባትን ሰዓት ሞላች። ከዚያ ሁለት ፈተና ይቀራል፤ አንዱ የጽሑፍ፣ አንዱ በእጅ የሚሠራ።

ለጽሑፉ ያስጠናኋት እኔ ነኝ። እሷ ሽንኩርት ስትከትፍ እኔ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ እጠይቃታለሁ።

«ማሚ፣ የፀጉር ሌየሮች?»

«ኪዩቲክል፣ ኮርቴክስ፣ ሜዱላ።» የምትመልሰው በዜማ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ውዳሴ ማርያም በምትደግምበት ዜማ።

«ፈተናው ላይ እንዲህ ብለሽ እንዳትዘምሪ!»

«በሆዴ ነው የምለው፤ ምን አገባሽ!»

አባቴ ታክሲውን አቁሞ ሲገባ በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጠንና «ማኅሌት ቆማችኋል እንዴ?» ይለናል። እንዲህ እየዘመረች የጽሑፉን አለፈች።

ጭንቀቱ የመጣው በእጅ ፈተናው ነው። ዐቢይ ጾም እንደገባ፣ እናቴን ታሠራት የነበረችው ባለፈቃድ ፀጉር ሠሪ አትላንታ ልትሄድ መሆኗን ተናገረች። እሷ ከሄደች እናቴ በማን ሥር ትሠራለች? የሳሎኑ ባለቤት ወደ ጓዳ ጠርታ አነጋገረቻት። እዚያው ፎጣ እያጠፍኩ ስለነበር ሰማሁ።

«እህቴ፣ በመስኮቱ በኩል ያለውን ወንበር ላንቺ ነው ያሰብኩት። ግን እንደምታውቂው በጾም ሠርግ የለም፤ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው ሙሽራው የሚጎርፈው። ያኔ ያለ ላይሰንስ ላቆምሽ አልችልም። ኢንስፔክተር ቢመጣ ሁለታችንም አለቀልን። እስከ ፋሲካ እጠብቅሻለሁ፤ ከዚያ ካለፈ ሌላ ሰው መፈለጌ ነው። አትቀየሚኝ።»

«ኧረ ምን ቆርጦኝ!» አለች እናቴ። እየሳቀች ወጣች። ከዚያ መጥረጊያ አነሳችና የተጠረገውን ወለል ደግማ ጠረገችው።

ለፈተናው የፕላስቲክ ጭንቅላት ወይም ሰው ይዞ መቅረብ ይቻል ነበር። እናቴ «ፕላስቲክ ስነካ እጄ ይቀዘቅዛል» ብላ እኔን ወሰደችኝ። ዕቃዋን ሁሉ በየላስቲኩ ከታ፣ ንጹሑንና የቆሸሸውን ለይታ፣ በላያቸው ላይ ጽፋባቸዋለች። ፈታኟ ነጭ ጋውን የለበሰች፣ ፊቷ ላይ ምንም የማይነበብ ሴት ናት። ማውራት አይፈቀድም። አንድ ጊዜ ማበጠሪያ ከእናቴ እጅ ወደቀ፤ ሳትደናገጥ አንስታ የቆሸሸው ላስቲክ ውስጥ ከተተችው፣ እጇን በአልኮል አሸች፣ ሌላ አወጣች። በመስታወት ሳያት ኮራሁባት። ቢጎዲኑ እንደ ወታደር ተሰለፈ። ጨረሰች። ሚዶዋን አስቀመጠች፣ አገጬን ያዘች፣ ፊቴን ወደ መስታወቱ አዞረች።

«ትፍ ትፍ፣ ከዓይን ያውጣሽ።»

ትንፋሿ አናቴ ላይ አረፈ። በመስታወቱ ውስጥ የፈታኟ እስክሪብቶ ሲንቀሳቀስ አየሁ። እናቴ ምንም አላየችም፤ ምንም ማለቷንም አላወቀችም።

ወደቀች። የጣላት የፈተናው የንጽሕና ነጥብ ነው። ቀኑን ሙሉ ከራሷ ጋር ስትከራከር ዋለች። «ማበጠሪያውን እንደሆነ የቆሸሸው ላስቲክ ውስጥ ነው የከተትኩት። እጄንም በአልኮል አሽቻለሁ። ወይስ ፎጣው ይሆን?» አፓርትመንታችን ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያው ክፍል የሳሎኑን ፎጣ ስናጥፍም ይህንኑ ነበር የምታነሳው፤ በመጨረሻ አላስቻለኝም።

«ማሚ፣ ትፍ ትፍ ብለሻል።»

«መቼ?»

«መጨረሻ ላይ። ሴትዮዋ አይታሻለች።»

ፎጣውን እንደያዘች ቆመች። «አላልኩም።»

«ብለሻል።»

«እሱ እኮ ምርቃት ነው!»

«አውቃለሁ፣ ማሚ። ለሷ ግን ሰው ላይ መትፋት ነው።»

ቃሉን ካወጣሁት በኋላ ልመልሰው ፈለግሁ። እናቴ ፎጣውን አጥፋ ጨረሰች፣ ሌላውን አነሳች፣ እሱንም አጠፈች። በንጽሕና የሚያማት ሰው የለም፤ ጎረቤት «በእሷ ቤት መሬት ላይ ይበላል» የሚላት ሴት ናት። የታጠፉትን እየደረደረች «እናቴም እንዲህ ነበር የምትለኝ» አለች።

የድጋሚ ፈተናው ቀጠሮ ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት ተገኘ። እኔ «በቃ የፕላስቲኩን ጭንቅላት ውሰጂ፤ ፕላስቲክ አይመረቅም» አልኳት። ሞከረችው። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ አቁማ ጠቀለለችው፣ አበጠረችው፣ አሳመረችው። ጨረሰችና አገጩን ይዛ ወደ ማይክሮዌቩ መስታወት አዞረችው፤ «ትፍ ትፍ።»

መጀመሪያ እኔ ፈነዳሁ። ቀጥላ እሷ። እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። «ከዓይን ያውጣው በይው እንጂ!» ስላት ደግሞ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ፊቷ ጨለመ። «አየሽ፣ እጄ ሲያቆም አፌ በራሱ ይከፈታል» አለች። «በዚህ ምክንያት ወንበሬ ሊሄድ ነው።»

ስለዚህ ወደ እኔ ፀጉር ተመለስን። እሷ ትሠራለች፣ እኔ በመስታወት ከንፈሯን እጠብቃለሁ። «ት…» ስትል «ማሚ!» እላለሁ። ሳሎን ውስጥ የደንበኛ ልጅ ስትሠራም ጎንበስ ብላ ድንገት ቀጥ ስትል አያታለሁ። አንድ ቅዳሜ እንደምንም ዋጠችው። «ይኸው!» ብላ እጇን አጨበጨበች። እኔ ግን ያን ቀን አንድ ነገር ረስቼ የወጣሁ ያህል ከቦርሳዬ እስከ ኪሴ ስፈትሽ ዋልኩ።

የፈተናው ቀን በሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ዋለ። አባቴ በታክሲው ሲወስደን እናቴ ከፊት ተቀምጣለች፤ ጥቁር ነጠላዋን ከትከሻዋ አላወረደችም። መሃል መንገድ ላይ፣ ወደ እኔ ሳትዞር ተናገረች።

«ዛሬ እኮ ሕማማት ነው።»

«አዎ፣ ማሚ።»

«በዚህ ሳምንት ሰው አይሳሳምም። ቄሱም መስቀል አያሳልሙም፤ ቡራኬም አይሰጡም። እሳቸው ከቻሉ እኔ ምን ሆኜ ነው የማልችለው?»

አባቴ ከት ብሎ ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው። እየቀለደች አልነበረም። እስከዚያ ቀን ድረስ ምርቃቱን የምትውጠው እንደ ጥፋት ነበር፤ ያን ቀን ግን እንደ ጾም ያዘችው።

ፈታኟ ሌላ ሴት ናት። እናቴ ሠራች። ስትጨርስ ሚዶዋን አስቀመጠች፣ አገጬን ያዘች፣ ፊቴን ወደ መስታወቱ አዞረች። ከንፈሯ ገጠመ። ዓይኗን ለአፍታ ጨፈነች፣ ከዚያ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለች። እንዲህ ብላ የምትቆመው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው።

አለፈች። ፓርኪንጉ ላይ አባቴን ልታቅፈው እጇን ዘርግታ፣ ሕማማት መሆኑ ትዝ ሲላት መለሰችው። እኔም ሳላስበው አንገቴን ደፍቼ ቆሜ ነበር። በእጇ ጀርባ ጉንጬን ነካ አደረገችኝ። «ቆይ» አለችኝ፤ «ይደርሳል።»

ከፋሲካ በኋላ በመስኮቱ በኩል ባለው ወንበር መጀመሪያ የተቀመጠችው ሙሽራ ነበረች። መስታወቱ ላይ የእናቴ ፎቶ ያለበት ላይሰንስ ተሰቅሏል፤ ፎቶው ላይ የተቆጣች ትመስላለች። ሙሽራዋን ሠርታ ስትጨርስ ሚዶዋን ሰማያዊው የጀርም መግደያ ፈሳሽ ውስጥ ነከረች፣ እጇን ታጠበች፣ ከዚያ የልጅቷን እጅ ይዛ ወደ በሩ መራቻት።

«ኧረ ወዴት ነው የምትወስጃት? ቪዲዮ አንሺው እየጠበቀ ነው!» አለች የሳሎኑ ባለቤት።

«አንድ ጊዜ።»

ተከትያቸው ወጣሁ። የሳሎኑን ደጃፍ አልፈው እግረኛ መንገዱ ላይ ቆሙ፤ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች ያዩናል። ሙሽራዋ ማንም ሳይነግራት አንገቷን ደፋች። እናቴ የሙሽራዋን ዓይነ ርግብ በአንድ እጇ ገለጥ አድርጋ በእግሯ ጣት ተነሳች።

«ትፍ ትፍ፣ ከዓይን ያውጣሽ። የልጅ እናት ያድርግሽ።»

ሙሽራዋ ወደ መኪናው ሄደች። ወደ ሳሎኑ ልመለስ ስል እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ያንቺ ይቀራል።»

«ማሚ፣ እኔ ዛሬ አልተሠራሁም እኮ።»

«የሕማማት ማክሰኞው ነዋ! ነይ፣ ጎንበስ በይ።»