ባዶ መሆን የነበረበት ቦታ

በብሪስቶል ዋናው መንገድ መሀል ላይ የተቀበረው የነሐስ ምልክት ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ ሰሜኑ የቨርጂኒያ ግዛት፣ ደቡቡ የቴኔሲ ግዛት ነው። እንግዳ ሰው አንድ እግሩን ወዲህ አንዱን ወዲያ አንፈራጥጦ ፎቶ ይነሳበታል። እኛ ግን መኖሩም ትዝ አይለንም። ዳቦ ወዲህ እንገዛለን፣ ፀጉር ወዲያ እንቆረጣለን።

ቨርና ብሌቪንስም እንደዚያው ነበረች። ቤቷ ቴኔሲ ነው፤ ቀለም እየበጠበጠች የምትሸጥበት የሕንፃ ዕቃ ሱቅም ቴኔሲ ነው። ፖስታዋ ግን ቨርጂኒያ ይመጣል። የሠፈሩ ጎረምሶች በመኪና እያለፉ ደጇ ላይ ያለውን የፖስታ ሣጥን በዱላ እየነረቱ ቢያስመርሯት፣ ከመንገዱ ማዶ ፖስታ ቤት ሣጥን ተከራየች። ሱቁን አንድ ትልቅ ኩባንያ ገዝቶ ሠራተኛውን ሁሉ እንደ አዲስ ሲመዘግብ፣ አድራሻ ለሚለው ያንኑ ሣጥን ጻፈች። በዚህች ከተማ ይህን የማያደርግ ሰው ካለ አምጡልኝ።

የኩባንያው ደመወዝ የሚሰላው በሩቅ ነው። እዚያ ያለው ሰውም ይሁን ማሽን አድራሻዋን አየና የቨርጂኒያ ሠራተኛ አደረጋት። ቴኔሲ ከደመወዝ ግብር አይወስድም፤ ስለዚህ በየዓመቱ በሚደርሳት የደመወዝ ወረቀት ላይ ግዛቱ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነበር። ዘንድሮ ሞልቶ መጣ። ዓመቱን ሙሉ የደከመችበት ደመወዝ ቨርጂኒያ እንደተገኘ ተጽፏል። ሲቀነስባት የከረመውን ገንዘብ አዲሶቹ ባለቤቶች ያመጡት መድን መስሏት ዝም ብላ ነበር። ገንዘቡስ ይመለስ ይሆናል። ያንገበገባት የራሞና ነገር ነው።

ራሞና፣ ቨርና ሥራ ስትውል ባሏን ዶይልን የምትጠብቅላት ሴት ናት። ዶይል ስትሮክ ከመታው ወዲህ ብቻውን አይተውም፤ ውሃ እንኳ ትን ይለዋል። ራሞናን የሚልክላቸው የቴኔሲው የእርዳታ ቢሮ ነው። ቢሮው የሚረዳው በሽተኛ እያስታመመ እዚያው ግዛት የሚኖርና የሚሠራ ሰውን ነው፤ ለዚህም በየዓመቱ የደመወዝ ወረቀት ይጠይቃል። ቨርና ወስዳ አሳየች።

«እሜቴ፣ እርስዎ እኮ የሚሠሩት ቨርጂኒያ ነው» አለቻት የቢሮው ሠራተኛ።

«ሱቁን በዚህ መስኮት ላሳይሽ እችላለሁ።»

«እኔስ አምንዎታለሁ። የምሠራው ግን በወረቀቱ ነው። ከአሠሪዎ የታረመ ያምጡልኝ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ወሩ መጨረሻ። ከዚያ በኋላ ራሞናን ለሌላ ቤት እመድባታለሁ።»

ቨርና በቀጥታ ወደ ሱቁ ኃላፊ ሄደች። ጋርላንድ ይባላል፤ ልጅ እግር ነው፣ ክፋት የለበትም።

«ሚስ ቨርና፣ በእኔ እጅ ቢሆን አሁኑኑ ባስተካከልኩልዎት።»

«በማን እጅ ነው ታዲያ?»

«በዋናው መሥሪያ ቤት።»

ዋናው መሥሪያ ቤት ስትደውል፣ «ደመወዝ የሚያሰላልን ሌላ ድርጅት ነው» አላት። ድርጅቱ፣ ጥያቄው ከአሠሪሽ ካልመጣ አንነካውም አላት። ጋርላንድ ጥያቄውን ጻፈ፤ ድርጅቱ የአንድ ሱቅ ኃላፊ መጠየቅ አይችልም ብሎ መለሰው። እንዲህ ሲያንገላቷት ከረሙ። በምሳ ሰዓቷ የቀለም ባልዲ ላይ ተቀምጣ ሰው እስኪያነሳላት ስልኩ የሚያጫውታትን ሙዚቃ ስትሰማ ታሳልፍ ነበር። አንድ ቀን ከዋናው መሥሪያ ቤት አንዲት ደግ ድምፅ አነሳችላት።

«የሥራ ቦታዎን አስተካክዬልዎታለሁ፣ የኔ እመቤት።»

«ደመወዙንስ?»

«ከእንግዲህ ያለው ትክክል ይሆናል። ያለፈውን ለማረም ተራ ይዘናል፤ መጠበቅ ነው።»

«እኔው በእስክሪብቶ ብሰርዘውስ?»

«ኧረ በፈጠረዎት እንዳይሞክሩት!»

ማታ ለዶይል ነገረችው። አፉ ትንሽ ቢጣመምም ተረቡ አልተወውም።

«የቨርጂኒያ ሴት አላገባም ብዬ ምዬ ነበር» አላት። «ይኸው አታለልሽኝ።»

ቨርና ከት ብላ ሳቀች። ሳቁ አላቆም ብሏት ሳለ ለቅሶ ሆነ፤ ዶይልም በደህና እጁ ጉልበቷን መታ መታ አደረገላት።

ወሩ አለቀ። ራሞና ለስንብት ፑዲንግ የሚሉትን የሙዝ ጣፋጭ ሠርታ መጣች፤ ዶይልን ወገቡ ላይ ቀበቶ አስሮ ማንሳትን ለቨርና ደጋግማ አሳየቻት። «ምርጫው የኔ ቢሆን አልሄድም ነበር» አለች፤ ሄደች። ከዚያ በኋላ አንዳንድ ቀን ጎረቤት፣ አንዳንድ ቀን እህቷ እየጠበቁላት ቨርና ሥራዋን እንደምንም ያዘች። ሁለቱም ያልተመቻቸው ዕለት ግን ስትመለስ ዶይልን ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ወድቆ አገኘችው። ከመቼ ጀምሮ እንደወደቀ አልነግርም አላት። በማግስቱ የሥራ ሽርጧን አጥፋ ለጋርላንድ መለሰችለት።

የታረመው ወረቀት የመጣው ዛፉ ሁሉ አበባ ካወጣ በኋላ ነው፤ ያው ቨርጂኒያ ባለው ሣጥን። ቨርና እዚያው ቆማ ከፈተችው። ግዛቱ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነበር፤ ምንም፣ አንዲት ፊደል የለበትም። ዶይል ወደሚጠብቃት መኪና ተመልሳ ወደ ቢሮው በረረች።

«እሰይ!» አለች ሴትዮዋ፤ ከልቧ ነበር ደስ ያላት። «እንዲህ ነው እንጂ! አሁኑኑ ወደ መዝገቡ እመልስዎታለሁ።» ጣቶቿን ኮምፒውተሩ ላይ አደረገች። «አሁንም እዚያው ሱቅ ነው የሚሠሩት?»

ቨርና በመስኮቱ ወደ መኪናው አየች። ዶይል ራሱን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ይጠብቃታል።

«ሥራ ለቀቅኩ» አለች። «የሚጠብቀው ሰው አጣሁ።»

ሴትዮዋ ጣቶቿን አነሳች። «ይህ እርዳታ ለሚሠሩ ሰዎች ነው፣ እሜቴ።»

«ራሞናን መልሺልኝ፤ ነገውኑ ሥራ እገባለሁ።»

«መጀመሪያ ሥራ ይግቡና ይምጡ።»

«እሱንስ ለማን ጥዬው ልግባ?»

ሴትዮዋ ወረቀቱን በቀስታ ወደ ቨርና ገፋችላት።

መኪና ውስጥ ስትገባ ዶይል ቀና አለ። «እህስ፣ ምን አሉ? የየት ሰዎች ሆንን?»

«የቴኔሲ» አለችው።

«እኔም ብዬ ነበር» አለ ደስ ብሎት።

ቨርና መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች፤ ሞተሩን ግን አላስነሳችም።