ባቡር ስንመርጥ የዋልንበት ቀን

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በበጋው መጨረሻ ነው። ባቡር የሚባል ነገር ሲነሣ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ሰቆጣ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። አባቴ የሚኖረው አበርገሌ ነው፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ሞራ ለብሰው ሰው የሚለየው በድምፅ ነው። ያን ሰሞን የዓይን ሐኪሞች ሞራ ሊገፉ ሰቆጣ መጥተው ነበር። የአባቴ ተራ የደረሰው በመጨረሻው ቀን ነው፤ ሐኪሞቹ በዚያው ቀን ሥራቸውን ጨርሰው ዕቃቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ። በመንደሩ በኩል በምታልፈው ብቸኛ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ጠዋት ተሳፍሮ እንዲመጣ ተነጋገርን።

በዚያው ቀን እኔ ስብሰባ ተጠራሁ፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ ተብዬ። ከሩቅ የመጡ ባለሙያዎች የሦስት ባቡሮች ፎቶ ግድግዳው ላይ አብርተው፣ «ለዋግ መንገደኛ የሚስማማውን የናፍጣ ባቡር ኅብረተሰቡ ራሱ ይምረጥ» አሉን። አንደኛው ባለ ሁለት ፉርጎ ነው። ሁለተኛው ለዳገት ጉልበታም ነው። የሦስተኛው መቀመጫ የሳሎን ሶፋ ይመስላል። ባለሙያው ስለ ሶፋው ሲያብራራ ምራቁን ይውጥ ነበር።

ከጋዝጊብላ የመጡ አንድ ሽማግሌ በቅሎ እንደሚገዛ ሰው ፎቶውን ቀርበው ካዩ በኋላ ጠየቁ።

«ፍየል ይጭናል?»

«አይጭንም አባቴ፣ የሰው ማመላለሻ ነው።»

«ያለ ፍየል ገበያ ወጥተን ምን ልንሠራ? እሺ ይሁን። ናፍጣውስ? የኛዋ ቅጥቅጥ እንኳ ናፍጣ እያጣች ትቆማለች።»

«ይታሰብበታል።»

«ሐዲዱስ የት ነው?»

«ሐዲድ ሌላ ክፍል ነው የሚያየው። እኛ የመጣነው ለባቡሩ ነው» አለ ባለሙያው፣ ቅር ብሎት። አንድም ቃል ሳላስቀር ጻፍኩት።

በዚህ መሐል አባቴ ደወለ። «ልጄ፣ መኪናዋ ቀረችሳ! ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ዳር ተቀምጫለሁ» አለኝ። በመስኮት ወደ ውጭ ባይ ቅጥቅጧ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ዛፍ ሥር ቆማለች። ለካ ለዚሁ ስብሰባ ኮንትራት ተይዛ ከጋዝጊብላ ሰው ጭና መጥታለች!

የስብሰባው አስተባባሪ ዘንድ ጎንበስ ብዬ ሄድኩና ለመንኩት። አባቴን አምጥታ እስከ ማታ ትመለስላችኋለች አልኩት። ፈገግ አለ።

«መምህርት፣ እኛ እኮ እዚህ የተሰበሰብነው የትራንስፖርት ችግራችሁን ልንፈታ ነው። ትንሽ ታገሺ እንጂ!»

ወጥቼ መጮህ ነበረብኝ። ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ፈልጌ መላክ ነበረብኝ። ግን በእኛ አገር ሽማግሌ ሳይመርቅ ከጉባኤ ተነሥቶ መሄድ ነውር ነው፤ ለቃለ ጉባኤ ያዥ ደግሞ የባሰ ነው። ይሉኝታ ያዘኝና ተመልሼ ተቀመጥኩ። እጅ አውጡ ሲባልም አወጣሁ። ሁለተኛው ባቡር በሙሉ ድምፅ ተመረጠ፤ ተጨበጨበ። ሽማግሌዎቹ መርቀው ስንወጣ ጀምበር አዘቅዝቃለች። ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሞቹ ሄደዋል።

ቅዳሜ አበርገሌ ወረድኩ። አባቴ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከቦርሳዬ ልብስ ሳወጣለት በስብሰባው የታደለን የባቡሩ ፎቶ ወደቀ። ወረቀቱን በእጁ ዳብሶ አነሣውና አፍንጫው ሥር አስጠጋው።

«ቀይ ነገር ይታየኛል» አለ። «መኪና ነው? ሐኪም ቤት የምትወስደኝ መኪና ናት?»

ፎቶውን ከእጁ ወስጄ ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ከተትኩት።

ሐኪሞቹ እስካሁን አልተመለሱም፤ ሐዲዱን የሚያየው ክፍልም ብቅ አላለም። ሐዲድ በሌለበት ባቡር የሚያማርጡትን ሰዎች ከልቤ እንቃቸዋለሁ። ከእነሱ አብልጬ የምንቀው ግን፣ አባቴ መንገድ ዳር ተቀምጦ ሲጠብቅ ለባቡር የወጣውን የራሴን እጅ ነው።