ነጩ ጨርቅ በቡናው አልጋ ላይ

አክስቴ ከጌጫ የመጣችው እኔን ልትወስድ ነበር። ይህን ማንም አልደበቀኝም። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ወድቄ ሁለት ዓመት ሚዛን ቤታችን ተቀምጫለሁ፤ እናትና አባታችን ካረፉ በኋላ ቤቱን የያዘው ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ሚስት ሊያገባ ነው። አክስቴ ጌጫ ላይ የመረጠችልኝ ሰው ነበር። ሦስት ላም ያለው፣ አረቄ የማይቀምስ፣ እናቱን የሚጦር ነው ትለኛለች። ሰውየውን አላየሁትም፤ ላሞቹንም አላየኋቸውም።

ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። ለቅሶዬ ሲበዛበት ልብስ ስፌት እንድማር እስከ ገና ጊዜ ሰጠኝ።

“ልብስ ሰፊው ሠራተኛው አድርጎ ከያዘሽ ትቀሪያለሽ” አለኝ። “ካልያዘሽ ከአክስታችን ጋር ትሄጃለሽ። እኔም ለእሷ የምመልሰው ነገር ይኑረኝ።”

አክስቴ እሺ አለች፤ ግን ወደ አገሯ አልተመለሰችም። ቡና ለቀማውን ላግዛችሁ ብላ እዚያው ተቀመጠች። ከስፌት ስመለስ ጣቶቼን ይዛ ታገላብጥና “እስቲ ዛሬ ምን ተማርሽ?” ትለኛለች። ጥያቄው ከፍቅር ነበር፤ እኔ ግን ከአሥረኛ ክፍሉ ፈተና ይልቅ እሱን እፈራ ነበር።

ልብስ ሰፊው ገበያው መውጫ ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅና በረንዳ ነበረው። የአገሩ ሰው ነው፤ ቤንች ነው። አማርኛን እየመዘነ ይናገራል፤ ጴንጤ ስለሆነም አይምልም፣ አይሳደብም። በረንዳው ላይ ሁለት የስፌት መኪና አለ። አንዱ የራሱ ነው። ሁለተኛው ላይ የሚሠራው ሰው ወደ ቴፒ ከሄደ ወዲህ ባዶውን ተቀምጧል። እኔ የምፈልገው ያንን ወንበር ነበር።

መጀመሪያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ክር የሚባል ነገር አላስነካኝም። ከደብተር ላይ ወረቀት ቀድዶ ይሰጠኛል፤ ክር በሌለው መርፌ መስመሩን እየተከተልኩ እበሳለሁ። ቀላል ይመስላል። መርገጫውን በሁለት እግሬ ስገፋው ጎማው ወደፊት በመዞር ፈንታ ወደኋላ ይዞራል፤ ወረቀቱም ተጨማድዶ ወደ እኔ ይመጣል። እኔ ደግሞ ስናደድ እግሬ ይፈጥናል። ጌታዬ፣ ልብስ ሰፊው፣ አይቆጣም። ዝም ብሎ ይመጣና ጠፍሩን ከጎማው ላይ አውልቆ “ባዶውን ርገጪ” ይለኛል። ሰው ሁሉ በሚያልፍበት በረንዳ ላይ ምንም ሳልሰፋ ስረግጥ እውላለሁ። ባጃጅ ነጂዎቹ ፍጥነታቸውን ቀነስ አድርገው “የት ደረስሽ? ቴፒ ገባሽ ወይ?” ይሉኛል። አንዱን አንድ ቀን በመቀስ እወጋዋለሁ ብዬ ዝቼ ነበር።

መቀስ ግን አይሰጠኝም። የዚያ ቤት ሕግ ነው፤ ተማሪ ይሰፋል እንጂ አይቆርጥም። “የተሰፋ ይተረተራል” ይለኛል ጌታዬ። “የተቆረጠ ግን የት ትወስጂዋለሽ?” መቀሱን ከወገቡ ላይ በገመድ አስሮ ነበር የሚዞረው፤ ማታ ብቻ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል።

በኅዳር መጨረሻ እግሬ ተገራ። ክር ተፈቀደልኝ፤ የታችኛውን ክር ማጠንጠን፣ የትራስ ልብስ ጫፍ ማጠፍ፣ የተማሪ ዩኒፎርም መጠገን ለመድኩ። አንድ ሐሙስ ቀን አማን ከተማ ነርስነት የምትማር አንዲት ልጅ ነጭ ፖፕሊን ይዛ መጣች። ማክሰኞ ልምምድ ትወጣለች፤ ነጭ ጋውን ያልለበሰ አይገባም ተብላለች። ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ልትወስደው ተስማሙ። ጌታዬ ልኳን ወስዶ ሲጨርስ ጨርቁን ለእኔ ሰጠኝ።

“ይኼ ጨርቅ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል” አለኝ። “ሳይቆረጥ ይነከር። ቤት ወስደሽ ንከሪው፣ አድርቀሽ አምጪው። እኔ እቆርጣለሁ፤ ስፌቱን አንቺ ነሽ የምትሠሪው። ቀጥ አድርገሽ ከሰፋሽው ሁለተኛው መኪና ያንቺ ነው። ለወንድምሽም እኔ እነግረዋለሁ።”

ያን ቀን ወደ ቤት በእግሬ የሄድኩ አይመስለኝም።

ዓርብ ነክሬ አሳደርኩት። ቅዳሜ ጠዋት ልሰጣው ስወጣ ግቢያችንን ዞርኩት። ገመዱ ያለው አቮካዶው ሥር ነው፤ እዚያ ካልሲ እንኳን በሁለት ቀን አይደርቅም። ሚዛን ላይ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ሁሉ የቡና ነው። በግቢያችንም ደህና ፀሐይ የሚያገኘው ወንድሜ የሠራው የቡና ማድረቂያ አልጋ ነበር፤ እግሩ ባሕር ዛፍ፣ ላዩ የሽቦ ወንፊት። በዋዜማው ከነቅርፊቱ የደረቀውን ጀንፈል ቡና ሰብስቦ በጆንያ አስገብቶታል፤ አልጋው ባዶ ነው። ደግሞ እኛ አገር በዚያ አልጋ ላይ የማይሰጣ ነገር የለም፤ በርበሬውም ብርድ ልብሱም እዚያው ነው። በእጄ ጠረግ ጠረግ አደረግሁትና እርጥቡን ነጭ ጨርቅ ዘርግቼ አራቱን ጫፍ በድንጋይ ያዝኩት።

እኩለ ቀን ላይ ሳነሳው መሐሉ ወንፊት ታትሞበታል። ቀይ ቡና ከነውሃው ስንት ሳምንት ሲንጠባጠብበት የከረመ ሽቦ ነው፤ እርጥቡ ጨርቅ ያንን ሁሉ ጠጥቶታል። ከጫፍ ሦስት ክንድ ያህል ገባ ብሎ፣ ከጉልበቴ እስከ ወገቤ የሚሆን ቦታ፣ ቡናማ መስመር በመስመር ሆኗል። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ያላደረግሁት የለም። በሳሙና አሸሁት፣ ሎሚ ጨመቅሁበት፣ ከጎረቤት በረኪና ለምኜ አፈሰስኩበት። ደማቁ ፈዘዘ እንጂ አልጠፋም። አክስቴ በረንዳው ላይ ሆና ታየኛለች።

“ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምታሺው?” አለችኝ።

“ነጭ ነዋ፣ አክስቴ። ነጭ መታሸት አለበት።”

ከሰዓት በኋላ ባዶ እጄን ሱቅ ሄድኩ። ጌታዬ ቀና ብሎ አየኝ።

“ጨርቁ ደህና ነው?”

“ደህና ነው። ገና አልደረቀም።”

እንዴት እንደወጣልኝ አላውቅም። ልናገር ነበር የሄድኩት፤ ባዶውን ወንበር ሳይ አፌ ሌላ ተናገረ። እሱም አመነኝ። ቁልፍ አውጥቶ ሰጠኝና “ሰኞ ማለዳ ቀድመሽ ግቢ። ካውያውን አሙቂ፣ ጨርቁን ተኩሰሽ ጠብቂኝ። እንደመጣሁ እቆርጠዋለሁ” አለኝ። ከዚያ በፊት የሱቁን ቁልፍ ይዤ አላውቅም።

እሑድ አክስቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እኔ ጓደኛ ልጠይቅ ብዬ ወጣሁ። ጌታዬ ጸሎት ቤት ነው፤ እስከ ቀትር አይወጣም። ሱቁን ከፍቼ ገባሁና ከውስጥ ቀረቀርኩት። ጨርቁን ተኩሼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ፤ የቡናው ምልክት ከሙቀቱ ጋር ደመቅ ያለ መሰለኝ። ያሰብኩት ይኼ ነበር፦ ጌታዬ ከቆረጠ ያየዋል። እኔ ከቆረጥኩ ግን የቆሸሸውን ቦታ የማይታይ ቦታ ላይ ላውለው እችላለሁ። ለኮሌታው ውስጥ፣ ወደ ውስጥ ለሚታጠፈው የታችኛው ጫፍ፣ ከላይ በኪሱ ለሚሸፈነው ቦታ።

ሳጥኑን ከፍቼ መቀሱን አወጣሁ። ከባድ ነበር፤ ሲቆርጥ ለሁለት ወር አይቼዋለሁ እንጂ ክብደቱን አላውቀውም። የልጅቷ ልክ በደብተሩ ላይ ተጽፏል። ጌታዬ የሌላ ጋውን ቅርጽ የተቆረጠበት ወረቀት ነበረው፤ እሱን አስቀምጬ በጠመኔ አሰመርኩ። አንዴ ወደ ጎን፣ አንዴ ገልብጬ፣ እንደገና አጥፍቼ። የመጀመሪያውን ስቆርጥ ላቤ በአፍንጫዬ ይወርድ ነበርና ጨርቁ ላይ እንዳይንጠባጠብ አንገቴን ወደ ጎን አዘንብዬ ነው የቆረጥኩት። በውጭ ሰው ባለፈ ቁጥር እጄ ይቆማል። ከዚያ ሰፋሁ። እግሬ አንድ ጊዜም ወደኋላ አልሄደም። ትከሻውን፣ ጎኑን፣ እጅጌውን፣ ኮሌታውን። የቀረችው አንዲት ቡናማ መስመር በግራ በኩል ደረት ላይ ነበረች፤ ኪሱን ልክ እሷ ላይ ለጠፍኩት። አምላኬ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ደስ ብሎኝም ነበር የወጣሁት።

ሰኞ ማለዳ ጌታዬ ሲመጣ ጋውኑ ተተኩሶ ተሰቅሏል። ቆሞ አየው። መነጽሩን አደረገና ስፌቱን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ከትከሻው እስከ ታች ወረደ።

“ቀጥ ብሏል” አለ።

ዓይኔ ወደ ባዶው ወንበር ሄደ።

“ማን ቆረጠው?”

“እኔ ነኝ፣ ጋሼ።”

“ለምን?”

“እርስዎ እንዲያርፉ ብዬ ነው።”

እየሰማኝ ጨርቁን ወደ አፍንጫው አስጠጋው። በረኪና እንደሚሸት እኔ አልታወቀኝም ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ ስተነፍሰው ነው የዋልኩት። ረጋ ብሎ እንደገና ጠየቀኝ።

“ጨርቁ ምንም አልሆነም?”

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። ለእኔ እያደር ከበደኝ እንጂ አልቀለለኝም፤ ግን ከቅዳሜ ጀምሬ ተሸክሜው አሁን የት ላራግፈው?

“ምንም” አልኩት።

ጌታዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ሥራውን ቀጠለ። እስከ ስድስት ሰዓት እኔ የተቀደደ ሱሪ ተሰጥቶኝ እረግጣለሁ፤ መርፌው ሁለት ጊዜ ተሰበረብኝ።

ልጅቷ መጣች። ለብሳው በመስታወቱ ፊት ዞር ዞር አለች፤ ልኳ ነው፤ ፊቷ በራ። ጌታዬ ግን “አንዴ አውልቂው” አላት። ገልብጦ የኮሌታውን ውስጥ አሳያት፤ የታጠፈውን ጫፍ ገልጦ አሳያት፤ ኪሱን ከውስጥ በኩል በጣቱ ገፍቶ መስመሩን አሳያት።

“ይኼ የቡና እድፍ ነው” አላት። “እኛ ቤት ነው የተበላሸው። ከላይ አይታይም። ካልፈለግሽው ግን የጨርቅሽን እተካለሁ።”

ልጅቷ አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ሰዓቷን አየች። “ካልታየ ምን አለበት?” አለችና አጣጥፋ ከቦርሳዋ ከተተችው። አመስግናን ሄደች። በቃ፣ ተረፍኩ አልኩ።

ጌታዬ መነጽሩን አወለቀ።

“ቅዳሜ ብትነግሪኝ” አለኝ፣ “ሚስቴ ለመጋረጃ የገዛችው እንደዚህ ያለ ነጭ ፖፕሊን ቤት አለ። አምጥቼ እቀይረው ነበር። እኔ ስንት ጨርቅ አቃጥያለሁ፣ ስንት አበላሽቻለሁ። አልቆጣሽም ነበር።”

“ይቅርታ፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።”

“ይቅር ብያለሁ። ስፌት አውቀሻል፤ መቁረጥም አውቀሻል። ማንም ቢጠይቀኝ ታውቃለች እላለሁ።” እጁን ዘረጋ። “ቁልፉን ስጪኝ።”

ለወንድሜም እንዳለው ነገረው፤ ሙያዋ ጥሩ ነው አለው፣ አልያዝኳትም አለው። ወንድሜ ምክንያቱን ቢጠይቀው “እሷ ትንገርህ” አለው። አልነገርኩትም። ረቡዕ ከአክስቴ ጋር በቴፒ አድርገን ወደ ጌጫ ሄድን። አውቶቡሱ ውስጥ አንገቴን ደፍቼ ሳለቅስ አክስቴ ጀርባዬን ትደባብሳለች።

“አይዞሽ ልጄ፣ ባል ይለመዳል” ትለኛለች።

ስለ ባሉ መስሏት ነው። እኔ ግን የሚያስለቅሰኝ ጌታዬ ቅዳሜ አንድ ጊዜ፣ ሰኞ ሁለት ጊዜ፣ እውነቱን እንድናገር በር ከፍቶልኝ እንደነበር ያኔ ገና ስለገባኝ ነው።