ባሩድ የሚለካበት መዳፍ

አያቴ ካረፉ ወዲህ ይኸው ክረምት ገባ። ስለ እሳቸው ብዙ መጻፍ አልችልም፤ ዘወትር ዓይኔ ላይ የሚመጣውን አንድ ነገር ብቻ ልጻፍ።

ተበላ ከተማ አጠገብ ባለው ማሳችን ከርከሮ ሲገባ፣ ባሩድና ጥይት በአፈሙዙ የሚጎርሰውን አሮጌ ጠመንጃቸውን ያወርዱ ነበር። ድቡልቡሉን የእርሳስ ጥይት መዳፋቸው ላይ ያስቀምጡና እስኪሸፈን ድረስ ባሩዱን ከቀንድ መያዣው ቀስ እያሉ ያፈሱበታል። ልካቸው ይኸው ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ስመጣ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አያለሁ።

የአጎቴ ልጅ «ጨመር ያድርጉበት እንጂ አያ፣ ከርከሮው እኮ ጎረምሳ ነው!» እያለ ያሾፍባቸዋል።

«ባሩድ ሲበዛ ጥይቱ ይስታል፤ ሲብስም ጠመንጃው ተኳሹን ይበላል። ጎረምሳውስ አንተ ነህ» ይሉትና ይስቃሉ።

በቀብራቸው ቀን የቀበሌው ታጣቂዎች በክላሽ ተኮሱላቸው። የአጎቴ ልጅ ግን በራሳቸው ጠመንጃ ካልተኮስኩ አለ። ለልክ እንዲሆነው ጥይቱን መዳፉ ላይ አድርጎ ባሩድ አፈሰሰ። መዳፉ ሰፊና ዝርግ ስለሆነ ባሩዱ እየተንጣለለ በዛ እንጂ ጥይቱ አልሸፈን አለው።

እናቴ እጁን ያዘችው። «ተው ልጄ፣ ያ የእሳቸው እጅ ልክ ነው። ሌላ ሬሳ አታሳየኝ።»

ባሩዱን ወደ ቀንዱ መልሶ አለቀሰ።

ከርከሮዎቹ አሁን በጠራራ ፀሐይ ይመጣሉ። እናቴ ዘንድሮ ስኳር ድንች አልተከለችም። «ለማን ብዬ?» ትላለች።

አያ፣ እርስዎን ጌታ አሳርፎዎታል፤ እኛ ግን ማሳውን ትተነዋል።